ከምድር በታች የቀረው ታላቅ ምኩራብ፦ የቪልኒየስ የጉዞ ማስታወሻ

አርብ፣ መስከረም 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ወደ ቪልኒየስ የመጣሁት ከምድር በላይ አንድም ግድግዳ ያልቀረለትን ሕንፃ ለማየት ነው። ዛሬ የሊትዌኒያ ዋና ከተማ የሆነችው ቪልኒየስ በአይሁድ ዘንድ ቪልና ትባል ነበር፤ የኦሪት ሊቃውንት የሚፈልቁባት፣ የጸሎትና የትርጓሜ መጻሕፍት እየታተሙ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሁሉ የሚሠራጩባት፣ ከዚህም የተነሣ «የሊትዌኒያ ኢየሩሳሌም» የሚል የክብር ስም የተሰጣት ከተማ ነበረች። የዚያ ማኅበረሰብ ልብ ታላቁ ምኩራብ ነበር። ባለፈው ዓመት በ2018 ሐምሌ ወር፣ አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ወለል ሥር የዚህ ምኩራብ ቢማ፣ ማለትም ኦሪት የሚነበብበት ከፍ ያለ መድረክ፣ በቁፋሮ መገኘቱን ባነበብኩ ጊዜ ቦታውን በዓይኔ ለማየት ወሰንኩ። (የቀን ርእሶቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት የታሪክ ዓመታት ግን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋርሶ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጧት አደረሰኝ፤ ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ አሮጌው ከተማ ወረድኩ። ቮኪየቹ የሚባለው ሰፊ ጎዳና ዛሬ የካፌና የመናፈሻ መንገድ ነው። ከጎዳናው ጀርባ፣ በመኖሪያ ሕንፃዎች መካከል ሲገቡ አንድ ግቢ ይገኛል፤ በግቢውም ውስጥ በ1964 ለመዋዕለ ሕፃናት ተብሎ የተሠራና በኋላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሆነ፣ ምንም ልዩ ነገር የሌለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቆሟል። ምኩራቡ የነበረው እዚህ ነው። ቁፋሮው በአውሮፓ የበጋ ወራት ብቻ ስለሚካሄድ በደረስኩበት ጊዜ ሠራተኞች አልነበሩም። እዚያው አቅራቢያ የቪልናው ጋኦን እየተባሉ የሚታወቁት የታላቁ ሊቅ የረቢ ኤልያስ ቤን ሰሎሞን ዛልማን የድንጋይ ምስል ተተክሏል።

በግቢው ውስጥ ቆሞ ምኩራቡን በሐሳብ ለማቆም ታሪኩን ከሥሩ ማንሣት ያስፈልጋል። የቪልና አይሁድ በ1573 ከእንጨት የተሠራ ምኩራብ ነበራቸው። በ1633 የፖላንድና የሊትዌኒያ ገዥ የነበረው ንጉሥ ቭላዲስላቭ 4ኛ በድንጋይ እንዲሠሩ ፈቀደላቸው፤ ነገር ግን ከፍታው ከከተማይቱ አብያተ ክርስቲያናት እንዳይበልጥ ገደብ ተጣለበት። ሠሪዎቹ ገደቡን ሳይጥሱ የፈለጉትን ታላቅነት ያገኙበት መንገድ ወለሉን ከመንገዱ በታች ዝቅ አድርገው መቆፈር ነበር። በዚህም ምክንያት ሕንፃው ከውጭ ሲያዩት ሦስት ፎቅ ያህል ብቻ ከፍታ ያለው ይመስል ነበር፤ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ደረጃ ወርዶ ከአምስት ፎቅ በላይ ወደሚሆን አዳራሽ ቀና ብሎ ይመለከት ነበር። ለዚሁ ወለል ሌላም ምክንያት ይነገርለታል፤ ይኸውም ዳዊት ከጥልቅ ሆኖ ወደ አምላኩ መጣራቱን በሚናገርበት መዝሙር፣ በእኛ ዳዊት 129ኛ ሆኖ በሚቆጠረው፣ ጸሎት ከዝቅታ ሊወጣ ይገባል የሚለው ልማድ ነው። የንጉሥ ገደብና የመዝሙር ቃል በአንድ ወለል ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

በ1640 የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ለመግቢያው የብረት በር አበረከተ፤ ስጦታው የማን እንደሆነም በዕብራይስጥ ተጽፎበት ነበር። ይህን ዝርዝር ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ምኩራቡ የባለጸጎችና የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን መርፌና ክር ይዘው የሚውሉ ሰዎችም ያቆሙት ቤት እንደነበረ ስለሚያሳይ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማይቱን በተደጋጋሚ ካነደዳት ቃጠሎ በኋላ የምኩራቡ ውስጥ ባሮክ በተባለው፣ ጌጥ በሚበዛበት የአውሮፓ የሕንፃ ጥበብ እንደገና ተሠራ። ሥራው የቪልና አብያተ ክርስቲያናትን ከቃጠሎ በኋላ ያደሰው የሉተራኑ የሕንፃ ጠቢብ የዮሐን ክሪስቶፍ ግላውቢትዝ ነው ይባላል። አዳራሹን የተሸከሙት አራት ግዙፍ ምሰሶዎች ነበሩ፤ በአራቱ መካከልም ቢማው በራሱ ዓምዶችና ጉልላት ቆሞ እንደ ትንሽ ቤት ሆኖ ይታይ ነበር። የኦሪት ጥቅልሎች የሚቀመጡበት ታቦት በግድግዳው ላይ ሁለት ደርብ ሆኖ፣ በእንጨት ቅርጽና በወርቅ ቅብ ያጌጠ ነበር። ቀስ በቀስ በዙሪያው ሌሎች የጸሎትና የትምህርት ቤቶች፣ የመንጻት ገንዳዎች፣ የሥጋ መሸጫዎችና የውኃ ጉድጓድ ያሉበት «ሹልሆይፍ» የተባለ የምኩራብ ግቢ ተፈጠረ። ጋኦን የሚጸልዩበትና የሚያስተምሩበት ቤትም የዚሁ ግቢ አካል ነበር። እሳቸው ከ1720 እስከ 1797 ኖረዋል፤ ሹመት ያልያዙ፣ ቀንና ሌሊት በጥናት የጸኑ ሰው ሲሆኑ፣ በ1772 ሐሲዲም በተባለው የአይሁድ የመንፈሳዊ መነቃቃት እንቅስቃሴ ላይ ከዚህች ከተማ የወጣው ውግዘት የእሳቸውን ሥልጣን የያዘ ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10 ቀን

ዛሬ ሰንበት ስለሆነ የአይሁድ ተቋማት ዝግ ናቸው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ጌቶ፣ ማለትም ናዚዎች አይሁድን ያጎሩባቸው የተከለሉ መኖሪያዎች፣ የነበሩትን ሰፈሮች ስዞር ዋልኩ። በፒሊሞ ጎዳና በ1903 የተመረቀው የመዘምራን ምኩራብ ፊቱ ታድሶ ቆሟል፤ ከጦርነቱ በፊት ከመቶ በላይ ምኩራብና የጸሎት ቤት ከነበራት ከተማ ዛሬ ጸሎት የሚደረስበት እሱ ብቻ ነው። ከእሳት የተረፈውም ናዚዎች መድኃኒት ስላከማቹበት ነው።

ከዚያ ወደ ታላቁ ጎዳና ስወጣ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ያልታሰበ ነገር ገጠመኝ። በቅድስት ጰራስቄዋ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በ1705 በዚህ ቤተ ክርስቲያን አፍሪካዊውን ሐኒባልን፣ የባለቅኔውን የፑሽኪንን ቅድመ አያት፣ ማስጠመቁን ይናገራል። የሐኒባል የትውልድ አገር ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ባይስማሙም፣ እኛ አገር ስሙ ከልጅነት ጀምሮ የሚሰማ ሰው ነውና ለጥቂት ደቂቃ ቆሜ አነበብኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ከታላቁ ምኩራብ ቦታ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል።

ጀርመኖች ቪልናን የያዙት በ1941 ጁን 24 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ በከተማይቱ ከሃምሳ ሺህ የሚበልጡ አይሁድ ነበሩ፤ በ1897 የተደረገው የሩሲያ ግዛት ቆጠራም ከነዋሪው 40 በመቶ ገደማ አይሁድ መሆናቸውን መዝግቦ ነበር። በሴፕቴምበር 6 ቀን ሕዝቡ በሁለት ጌቶዎች ታጎረ። ሁለቱን የሚለያቸው ይኸው የቮኪየቹ ጎዳና ነበር፤ ከጎዳናው ወዲህ ትልቁ፣ ከጎዳናው ወዲያ ትንሹ ጌቶ። ታላቁ ምኩራብና ግቢው በትንሹ ጌቶ ውስጥ ወደቁ። ትንሹ ጌቶ የቆየው እስከ ኦክቶበር ብቻ ነበር፤ በውስጡ የነበሩት ሰዎች ከሰባት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ተወስደው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ምኩራቡ ሰው በሌለበት ሰፈር ባዶውን ቀረ።

በሩድኒንኩ ጎዳና የትልቁ ጌቶ በር የነበረበትን ቦታ የሚያመለክት ሰሌዳ አለ፤ የሁለቱም ጌቶዎች ካርታ ተቀርጾበታል። ሰሌዳውን ካዩ በኋላ በውስጥ መንገዶች ሲሄዱ የቀድሞው የስትራሹን ጎዳና፣ የዛሬው ዜማይቲዮስ ጎዳና፣ ይገኛል። የጌቶው ቤተ መጻሕፍት እዚህ ነበር። ኃላፊው ኸርማን ክሩክ የተባለ ከዋርሶ የተሰደደ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሲሆን፣ የጌቶውን ኑሮ በየዕለቱ ይመዘግብ ነበር። በ1942 ዲሴምበር፣ ከሕዝቡ አብዛኛው አስቀድሞ ከተገደለ በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍቱ መቶ ሺሕኛውን መጽሐፍ ማዋሱን በሥነ ሥርዓት አክብሯል። በረሃብና በፍርሃት መካከል መቶ ሺህ ጊዜ መጽሐፍ የተዋሰ ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ እንደነበረ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ክሩክ ራሱ በ1944 በኢስቶኒያ በላጌዲ ካምፕ ተገደለ፤ ከመገደሉ በፊት የመጨረሻ ማስታወሻዎቹን በመሬት ውስጥ ቀበራቸው፤ እነሱም ተገኙ።

እሑድ፣ መስከረም 11 ቀን

በቪልናው ጋኦን ስም የተሰየመው የአይሁድ ታሪክ ሙዚየም በከተማው ውስጥ በተለያዩ ቤቶች ተከፋፍሎ ይገኛል። ከታላቁ ምኩራብ የተረፉት ቁርጥራጮች በዚህ ሙዚየም ንብረትነት ተጠብቀዋል፦ የታቦቱ በር፣ የንባብ አትሮንስና አሥርቱ ትእዛዛት የተቀረጹበት ምስል። አንድ ትልቅ የሃይማኖት ማእከል ለሦስት መቶ ዓመት ያከማቸው ሀብት እነዚህን ብቻ ሆኖ ሲቀር ዕቃዎቹን ማየት ይከብዳል። በሩ የተቀረጸው በጥንቃቄ ነው፤ የሠራው ሰው ብዙ ዘመን እንደሚኖር አስቦ እንደሠራው ያስታውቃል።

በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የድሮ ፎቶግራፎች የምኩራቡን አዳራሽ በግልጽ መረዳት ይቻላል። ሠዓሊው ማርክ ሻጋልም በ1935 ወደ ቪልና በመጣ ጊዜ የምኩራቡን ውስጥ ሥሏል። ስለ ናፖሊዮን የሚነገረውም ወግ እዚህ ይነሣል፤ በ1812 በመግቢያው ደፍ ላይ ቆሞ በአድናቆት ቃል አጥቶ ነበር፣ «የሊትዌኒያ ኢየሩሳሌም» ያላትም እሱ ነው ይላሉ። ወግ እንደመሆኑ እንደ ታሪክ አላጸናውም። ነገር ግን የከተማይቱ አይሁድ ይህን ወግ ለልጆቻቸው ማውረሳቸው፣ በዚህ ቤት ምን ያህል ይኮሩ እንደነበር ያስረዳል።

ከዚህ ጉዞ በፊት ያነበብኳቸው ብዙ አጫጭር ጽሑፎች ምኩራቡ «በጦርነቱ ፈረሰ» ይላሉ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተከታተልኩት የዓመታት ቅደም ተከተል ግን ይህ አባባል ትክክል እንዳልሆነ አረጋገጠልኝ። በጦርነቱ ምኩራቡ ተዘርፏል፤ ተቃጥሏል፤ ጣራው ተጎድቷል። ነገር ግን ከተማይቱ በ1944 ጁላይ 13 ቀን ከጀርመኖች እጅ ስትወጣ ወፋፍራሞቹ ግድግዳዎችና ምሰሶዎች ቆመው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ፍርስራሹ ሊጠገን የሚችል ሆኖ ይታያል። የተረፉት ጥቂት አይሁድ ሙዚየም ለማቋቋም ጀምረው ነበር፤ የሶቪየት መንግሥት ግን ያንን ሙዚየም በ1949 ዘጋው። ከዚያም ከ1955 እስከ 1957 ባለው ጊዜ፣ ጦርነቱ ካበቃ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የቀረው ግድግዳ ከነምሰሶዎቹ በባለሥልጣናት ትእዛዝ ፈርሶ ተጠረገ። የቮኪየቹ ጎዳናም አንዱ ወገን ፈርሶ እንዲሰፋ ተደረገ። በአይሁድ መቃብሮችም ላይ የደረሰው ተመሳሳይ ነበር፤ ከመቃብር የተነቀሉ የስም ድንጋዮች የከተማው ደረጃ መሥሪያ እስከ መሆን ደርሰዋል፤ በጥንታዊው የሽኒፒሽኬስ መቃብር ላይም የስፖርት አዳራሽ ተገንብቶበታል።

ይህን የምጽፈው የናዚዎቹን ወንጀል ከሌላ ነገር ጋር ለማስተካከል አይደለም። ሕዝቡን የጨረሰው እነሱና ተባባሪዎቻቸው ናቸው፤ ከዚያ የሚስተካከል ነገር የለም። ነገር ግን አንድ ሕንፃ ማን እንዳፈረሰው በትክክል መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም «ጦርነቱ» ብሎ መናገር እጅ የሌለውን ነገር ተጠያቂ ማድረግ ነው። ታላቁን ምኩራብ ባለቤቶቹን የገደሉ ሰዎች አቃጠሉት፤ ባለቤቶቹ የሌሉ መሆናቸውን የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች ደግሞ በሰላም ጊዜ፣ በዕቅድና በበጀት፣ አነሡት። ሁለተኛው ድርጊት ጥይት አልተሰማበትም፤ ስለዚህም በቀላሉ ተረስቷል።

ሰኞ፣ መስከረም 12 ቀን

የዛሬው ቀን በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 23 ነው። በ1943 ትልቁ ጌቶ መደምሰስ የጀመረው በዚህ ቀን ስለሆነ፣ ሊትዌኒያ ከ1994 ጀምሮ የአይሁድ ጭፍጨፋ ብሔራዊ መታሰቢያ አድርጋ ታስበዋለች። በባቡር ወደ ፓኔሪያይ ሄድኩ፤ ከመሐል ከተማ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አይሁድ ፖናር የሚሉት ጫካ ነው።

የጥድ ጫካው ውብ ነው። ይህንን ማለት ቢከብድም እውነቱ ያ ነው። የሶቪየት ጦር በ1940 አገሩን በያዘ ጊዜ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ለመሥራት ትላልቅ ክብ ጉድጓዶች አስቆፍሮ ነበር፤ ሥራው ሳያልቅ ጀርመኖች ገቡ፤ ጉድጓዶቹንም ለግድያ ተጠቀሙባቸው። ከ1941 ጁላይ እስከ 1944 ድረስ የጀርመን ልዩ ጓዶችና በሥራቸው የተሰለፈ የሊትዌኒያውያን ቡድን 70,000 ያህል አይሁድን፣ ከእነሱም ጋር ብዙ ፖላንዳውያንንና የሶቪየት ምርኮኞችን፣ እዚህ ረሸኑ። በታላቁ ምኩራብ ይጸልይ የነበረው ጉባኤ ያለው በእነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። በጫካው አጠገብ ይኖር የነበረ ካዚሚየሽ ሳኮቪች የተባለ ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ ከቤቱ ሆኖ ያየውን ቀን በቀን እየጻፈ፣ ወረቀቶቹን በጠርሙስ እያሸገ በመሬት ውስጥ ይቀብር ነበር። እሱ ራሱ የጦርነቱን መጨረሻ ሳያይ ሞተ፤ ጽሑፉ ግን ቀረ።

ጀርመኖች ሽንፈታቸው ሲቃረብ ማስረጃውን ለማጥፋት ሰማንያ ያህል እስረኞች ሬሳዎቹን እያወጡ እንዲያቃጥሉ አስገደዱ። እስረኞቹ ሌሊት ሌሊት ታስረው ከሚያድሩበት ጉድጓድ ሥር በእጃቸው፣ በማንኪያና ባገኙት ቁራጭ ብረት 35 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ቆፈሩ። በ1944 ኤፕሪል 15 ሌሊት፣ በፋሲካ በዓላቸው መጨረሻ፣ አርባ ያህሉ በዋሻው ለማምለጥ ሞከሩ፤ ከተኩሱ አምልጠው ጦርነቱን የተሻገሩት 11 ብቻ ነበሩ። የዋሻው መንገድ ለብዙ ዘመን ከምስክሮች ቃል በስተቀር አይታወቅም ነበር። በ2016 መሬት ሳይቆፈር የውስጡን ይዘት በኤሌክትሪክ ሞገድ በሚለካ መሣሪያ አቅጣጫው ተገኘ። በምኩራቡ ቦታ ላይ የሚሠሩት አጥኚዎች በዚህም ሥራ መሳተፋቸውን ሳውቅ፣ የግድያውና የምኩራቡ ጥናት በአንድ እጅ መያዙ ተገቢ መሆኑን ተሰማኝ።

በሥፍራው ያሉት ሐውልቶች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። በሶቪየት ዘመን የቆመው ሐውልት ስለ «ፋሺስት ሽብር ሰለባዎች» ይናገራል እንጂ አይሁድ የሚል ቃል አይገኝበትም። አይሁድ መሆናቸው በግልጽ የተጻፈው ነጻነት ሲመለስ፣ በ1991 በቆመው ሐውልት ላይ ነው። ትላንት በምኩራቡ ታሪክ ያየሁት ዝምታ እዚህም ነበር። የሞቱትን ሰዎች ማንነት አለመጻፍና የጸሎት ቤታቸውን መጥረግ ከአንድ ሐሳብ የወጡ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ሰዎች አበባና ሻማ አኑረዋል፤ እኔም በአገራችን ልማድ «ነፍስ ይማር» ብዬ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13 ቀን

የመጨረሻውን ቀን ለመጻሕፍቱ ሰጠሁት፤ ከድንጋዩ ይልቅ የተረፉት እነሱ ናቸውና። በምኩራቡ ግቢ ውስጥ፣ ከመግቢያው አጠገብ፣ የስትራሹን ቤተ መጻሕፍት ነበር። ማቲትያሁ ስትራሹን በ1885 ሲሞቱ ሰብስበው የኖሩትን መጻሕፍት ለማኅበረሰቡ ተናዘዙ፤ ሕንፃውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተሠራ። ጸሎት ያደረሰ ሰው በዚያው ግቢ ገብቶ ያነብ ነበር ማለት ነው፤ ጺማቸው የረዘመ ረቢዎችና ወጣት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡበት ነበር። በ1925 ደግሞ የዪዲሽ ቋንቋና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ባህል ምርምር ተቋም የሆነው ዪቮ በዚህችው ከተማ ተመሠረተ።

ናዚዎች እነዚህን ስብስቦች «የአይሁድ ጥናት» ለሚሉት ዓላማ ከፍለው ወደ ጀርመን ለመውሰድ፣ ከግማሽ የሚበልጠውን ግን ለወረቀት ፋብሪካ ለመላክ ወሰኑ። ለመለየቱም ሥራ የጌቶውን ምሁራን አስገደዱ። ባለቅኔዎቹ አብራሃም ሱትዝኬቨርና ሽመርኬ ካቸርጊንስኪ፣ ከእነሱም ጋር ኸርማን ክሩክና ሌሎች፣ ማታ ወደ ጌቶ ሲመለሱ ብርቅዬ ጽሑፎችን በልብሳቸው ሥር እየደበቁ ያወጡ ነበር። በበሩ ላይ ቢያዙ ቅጣቱ ሞት ነበር። የጌቶው ሰዎች «የወረቀት ብርጌድ» ብለው ይጠሯቸው ነበር። ሱትዝኬቨር ወደ ጫካ አምልጦ ተረፈ፤ በ1946 ፌብሩዋሪም የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ስለ ቪልና መሰከረ።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት ሰዎች የደበቁትን ቆፍረው ማውጣት ጀመሩ፤ ሶቪየቶች ሙዚየማቸውን ሲዘጉ ግን ወረቀቱ እንደገና አደጋ ላይ ወደቀ። በዚያን ጊዜ አንታናስ ኡልፒስ የተባለ ሊትዌኒያዊ የቤተ መጻሕፍት ሰው፣ አይሁዳዊ ሳይሆን፣ ቁልሎቹን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ከሌላ ወረቀት ጋር ቀላቅሎ ሰወራቸው። ኡልፒስ ሞተው፣ ሶቪየት ኅብረት ሊያበቃ ሲል ነው ነገሩ የታወቀው። በ2017 ደግሞ ከዚሁ ስብስብ 170,000 ያህል ተጨማሪ ገጾች መገኘታቸው ተገለጸ፤ በውስጣቸው ሱትዝኬቨር በጌቶ ሆኖ የጻፋቸው ግጥሞች ነበሩ። ብዙዎቹ ሰነዶች ዛሬ የሚጠበቁት በሊትዌኒያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከስትራሹን መጻሕፍት ወደ ጀርመን የተወሰዱት በርካቶቹ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ዪቮ፣ ተሻግረዋል። የኡልፒስ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ነክቶኛል፤ ምክንያቱም ምኩራቡን በጠረገው መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ያው መንግሥት ሊያጠፋው የፈለገውን ነገር ያዳነ ሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ምኩራቡ ግቢ ሄጄ በቁፋሮው የተገኘውን በዝርዝር ተከታተልኩ። ከእስራኤል የቅርሶች ባለሥልጣንና ከሊትዌኒያ የመጡ የከርሠ ምድር ተመራማሪዎች በ2015 ቦታውን በራዳር ካጠኑ በኋላ፣ በ2016 የመንጻት ገንዳዎቹን አገኙ፤ በ2018 ቢማውን። በዘንድሮው በጋ ደግሞ በቢማው ላይ ይቆም ከነበረው የድንጋይ የንባብ ጠረጴዛ የቀረ፣ በ1796 የተጻፈ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ወጥቷል። ጠረጴዛውን ያበረከቱት ሁለት ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ መታሰቢያነቱም ለእናታቸው ለሣራና፣ ከሊትዌኒያ ተነሥተው ወደ ቅድስት ምድር ሄደው በጥብርያዶስ ለኖሩት ለአባታቸው ለሐይም ነበር። የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ሲጸልዩ የኖሩበትን ናፍቆት የሚያውቅ አንባቢ የእነዚህን ልጆች ስጦታ ለመረዳት አይቸገርም።

አፍራሾቹ ከመንገዱ ደረጃ በላይ ያለውን ሁሉ ሲያነሡ ከደረጃው በታች የነበረውን አፈር ሞልተው ተዉት። ንጉሡ ከፍታን ስለ ከለከለ ሠሪዎቹ የቆፈሩት ጥልቅ ወለል የቢማውን መሠረት፣ ጡቡንና የወለሉን ንጣፍ ለስድሳ ዓመት ጠብቆ አቆየ። የምኩራቡ የታችኛው ክፍል ዛሬ ሊታይ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በከተማው ስለ ቦታው ወደ ፊት ሁለት ሐሳብ እንዳለ ከአስጎብኚዎች ሰምቻለሁ። አንዳንዶች ምኩራቡ በጥንቱ መልኩ እንደገና ይሠራ ይላሉ፤ ሌሎች ፍርስራሹ ተገልጦ መታሰቢያ ይሁን ይላሉ። የእኔ ልብ ወደ ሁለተኛው ያደላል። የሚጸልይበት ጉባኤ በፓኔሪያይ ተቀብሮ ሳለ የሚሠራ አዲስ ግድግዳ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ያልጠፋ የሚያስመስል ነገር ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ተነሥቶ፣ መንገደኛ እንደ ጥንቱ ደረጃ ወርዶ በአራቱ ምሰሶዎች ቦታ መካከል መቆም ቢችል፣ የ1796ቱም የጠረጴዛ ድንጋይ በቢማው ላይ ወደ ቦታው ቢመለስ ይበቃል። በመግቢያውም በሚተከለው ሰሌዳ ላይ በ1941 ጉባኤው መገደሉና ቤቱ መዘረፉ፣ ከ1955 እስከ 1957 ደግሞ ግድግዳው በሶቪየት ባለሥልጣናት ትእዛዝ መፍረሱ፣ ሁለቱም ከነአድራጊዎቻቸው ተለይተው መጻፍ አለባቸው።